ይጣፍጣል ያልነው ሁሉ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ዛሬም ሙቀት። ፋርማሲው ውስጥ ማራገቢያው ይዞራል እንጂ አያቀዘቅዝም፤ ሙቁን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል። አንድ ሰውዬ የራስ ምታት መድኃኒት ገዛና "በዚህ ሙቀት ሮቢት ተቀምጦ ራሱን የማያመው ማን ነው?" ብሎኝ ወጣ። እውነቱን ነው።

ከሥራ በኋላ እንደ ልማዳችን እትዬ ከበቡሽ ምግብ ቤት። አራታችንም ነበርን። ረቡዕና ዓርብ የኛ ቀን ነው። ለምን? ጾም ስለሆነ። ራህመት ሙስሊም ናት፤ የኛን ሥጋ አትበላም፣ እኛም የነሱን አንበላም። በጾም ቀን ግን ሽሮና ምስር የሁላችንም ነው። "የናንተ ጾም የኔ ግብዣ ነው" ትላለች። ሁሌ ነው የምትለው። ሁሌም እንስቃለን።

ኤርሚያስ ሲያወራ አመሸ። ጠዋት ሙሉ ሒሳብ አስተምሮ ድምፁ አያልቅም እንዴ? ገና ከበሩ ሲገባ የሁሉን ጠረጴዛ ይሳለማል። የማያውቀውን ሰው ሳይቀር "ልጆች እንዴት ናቸው?" ይላል። ሰውዬው ልጅ ባይኖረውም "ደህና ናቸው" ይላል። ግርማ ደግሞ አያወራም፣ ይበላል። የሽንኩርት ደላላ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከገበሬና ከነጋዴ ጋር ሲጨቃጨቅ ስለሚውል ማታ አፉ ለሌላ ሥራ ነው።

በያይነቱ መጣ። የእትዬ ከበቡሽ ጎመን... ምን እንደሚያደርጉበት እንጃ። በኔና በግርማ መካከል ጎመኑ ላይ ጦርነት ሆነ። እትዬ ከበቡሽ ከጓዳ ሆነው፣ "እናንተ ልጆች፣ ትሪዬን እንዳትበሉብኝ!"

እግራቸውን እየጎተቱ ነው። "ጉልበትዎን ለምን አይታዩም?" አልኳቸው።

"ጉልበቴን ልታይ ብሄድ ወጡን ማን ያየዋል?"

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ዝግ!

በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። አጠገባቸው ያለችው ባለሱቅ ናት የነገረችን። ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ልጃቸው ከደብረ ብርሃን መጥታ ወሰደቻቸው። መቼ ይመለሳሉ? አይታወቅም።

አራታችን በሩ ፊት ቆምን። እናታቸውን ጭልፊት የወሰደባቸው ጫጩቶች መስለን። ኤርሚያስ "ለሳቸው ማዘን ሲገባን ለሆዳችን እያዘንን ነው" አለ። ግርማ "ለሁለቱም ማዘን ይቻላል" አለ።

ዳቦ በሻይ በልተን ተለያየን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

በሚኒባስ ጎረቤት ከተማ ጀውሃ ሄድን። የግርማ ሐሳብ ነው። "የከባድ መኪና ሹፌር የሚቆምበት ምግብ ቤት መጥፎ አይሆንም።" እውነትም ቤቱ በሹፌር ሞልቷል። ለአራታችን ሽሮ አዘዝን። እየተንተከተከ መጣ። እንዴት ያለ ሽታ! ግርማ እንጀራውን ቆርሶ ሊያጠቅስ ሲል ኤርሚያስ እጁን ያዘው። አሸተተ። አስተናጋጇን ጠራት።

"እህቴ፣ ይሄ የጾም ነው?"

"አዎ፣ የጾም ነው።"

"ቅቤ ቅቤ ይሸተኛል።"

"ትንሽ ነው ጣል ያደረግንበት። ለማጣፈጫ።"

"ታዲያ ምኑ ነው የጾም?"

"ሥጋ የለውማ!"

ሦስታችን እጃችንን ሰበሰብን። ራህመት ግን ትሪውን ቀስ ብላ ወደ ራሷ ሳበችው።

"የምን ሁዳዴ ነው በኔ ላይ? እኔ ቅቤ አልተከለከልኩም። ቢስሚላህ።"

እኛ እያየናት። የአራት ሰው ሽሮ! ሳትቸኩል፣ ዳር ዳሩን እየጠራረገች። እጇን ስትታጠብ "ማሻአላህ፣ ጀውሃዎች ሽሮ ያውቃሉ" አለች። ግርማ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

እኛ ሦስታችን? ከመንገድ ዳር ጥንቅሽ ገዝተን እንደ ፍየል እያኘክን ተመለስን።

ሚኒባሱ ውስጥ ግን አንድ ነገር ተወሰነ። ከእንግዲህ ቤት ውስጥ እናብስል። በየተራ። ሐሳቡ የኤርሚያስ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ የኔ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ማሾ ወጥ ሠራሁ! አዲስ የማሾ ጥራጥሬ፣ ከቀወት ገበሬ እጅ የተገዛ። ሽንኩርቱን ግርማ በነፃ ሰጠኝ። ከፋርማሲ ቀድሜ ወጥቼ ጣድኩት። ትንሽ ወፈር አለ... ወፈር ይሻላል። ቢያንስ ከእጅ አይፈስም።

ሁሉም በሉ። ኤርሚያስ "እጅሽ ይባረክ!" አለኝ። ራህመት "እንዲህ ያለ ማሾ በልቼ አላውቅም" አለች። ግርማ ምንም አላለም፤ አፉ ሞልቶ ነበር። ብዙ ቆይቶም አፉ እንደሞላ ነበር።

ውሃ ብዙ ጠጡ። ሙቀቱ ነው።

ለካ ሙያ አለኝ! እናቴ "አንቺ ልጅ፣ በዚህ እጅሽ የሰው ቤት ገብተሽ ምን ልትሆኚ ነው?" ስትለኝ ነው ያደግኩት። አሁን መጥታ ባየችኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ራህመት ቤት። የማሽላ እንጀራ፣ ምስር፣ በቃሪያ የተንቆጠቆጠ ሰላጣ። ከዚያ ሱፍ ፍትፍት፣ ቀዝቀዝ ያለ... ከዚህ ሙቀት ገብተን እሱን ስንጎርስ ማንም ቃል አልተነፈሰም። ኤርሚያስ እንኳ ዝም አለ። ኤርሚያስ!

በልተን መነሳት አቃተን። ግርማ ግድግዳውን ተደግፎ "እዚሁ ልደር" አለ። የራህመት እናት፣ "ልጄ፣ ቤቱ ያንተ ነው። ግን አንተስ ሚስት አትፈልግም?" ራህመት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ጓሮ ሮጠች።

እንደ እውነቱ ከሆነ ከኔ ማሾ ጋር ይቀራረባል። ትንሽ ይበልጣል እንበል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

የግርማ ተራ። ሽንኩርት ደላላ ሆኖ ሽንኩርት መክተፍ አይችልም! አንዷን ራስ ይዞ ሲያለቅስ ደረስንበት። ዳቦ፣ አቮካዶና ቲማቲም በላን። ራህመት ከተፈችለት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

እንዴት ልጻፈው?

ኤርሚያስ በሩን ሲከፍትልን ሽርጥ አድርጎ ነበር። ራሱ ላይ ነጭ ፎጣ ጠምጥሟል። "ዛሬ ወጥ የለም" አለ። "ዛሬ ዓለም አቀፍ ነው።"

ፓስታ በፓፓያ።

ስልኩ ላይ አንድ ጣሊያናዊ ፓስታ በዱባ ሲሠራ አይቷል። ሮቢት ገበያ ዱባ አጣ፤ ፓፓያ አገኘ። "ቀለማቸው አንድ ነው" አለን። የሒሳብ መምህር የሚለው ነው ይሄ? ከላይ ቀረፋ ነስንሶበታል። ከሥር ደግሞ ድፍን ምስር አለ። ለምን? "ለፕሮቲን።"

የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳነሳ ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር። ሁለት እጆቹን አቆላልፎ ይጠብቃል። ፈተና ሰጥቶ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ። ምን ልበለው? በዚያ ሙቀት ውስጥ ምድጃ ላይ ሲጋገር ውሏል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

"ይጣፍጣል" አልኩ።

"እጅህ ይባረክ" አለች ራህመት። አልጎረሰችም ነበር እኮ ገና!

ግርማ ደግሞ ሁለተኛ ጨመረ። ሁለተኛ! ኤርሚያስ እንደ ሻማ በራ። እንግዳ ማስተናገዱስ... ውሃውን፣ ፎጣውን፣ ወንበሩን፣ ጨዋታውን ምኑንም አላጎደለ። ምግቡ ብቻ ነው የጎደለው።

ማሰሮ ሙሉ ውሃ ጨረስን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ሻይ ቤት ተቀምጠን ኤርሚያስ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ሥራዬን ልለቅ ነው።"

ሳቅን።

"ምግብ ቤት ልከፍት ነው። ዋናው መንገድ ላይ ቤት አግኝቻለሁ። እንደ እትዬ ከበቡሽ ያለ ቤት የለማ አሁን! ድሮም ይታየኝ ነበር፤ ግን አልደፈርኩም። እናንተ ናችሁ ያደፋፈራችሁኝ።"

ሳቃችን ቆመ። እሱ ብቻ ነበር ፈገግ ያለው። ግርማ ሻዩን ሊጠጣ አንስቶ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠ።

"ምን ትላላችሁ?"

"እግዜር ያሳካልህ" አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት! ምላሴን ማን ያዘዘው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

አዲስ ምግብ ሊያስቀምሰን ጠራን። ሽሮ በሙዝ። "ልስላሴ ይሰጠዋል።"

ሰጥቶታል።

ሁላችንም አመሰገንን። እግዜር ይቅር ይበለን። ግርማ አሁንም ሁለተኛ ወሰደ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

ግርማ ሆዱን ይዞ ፋርማሲ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። መድኃኒት ሰጠሁትና ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

"ለምን ሁለተኛ ትወስዳለህ ታዲያ?"

"ዓይኑን አይተሽዋል? ድስቱን እያየ እኮ ነበር። እንደተረፈ ቢያይ ያዝናል ብዬ..."

ራህመትም መጣች። ሱቋ ፊት ለፊት ነው፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ መቀሱን እንኳ ሳታስቀምጥ ነው የሮጠችው። ሦስታችን መከርን። የመንግሥት ሥራውን ጥሎ፣ ያጠራቀመውን አውጥቶ፣ ሽሮ በሙዝ ሊሸጥ ነው። ለሮቢት ሰው! ለከባድ መኪና ሹፌር! ይደበድቡታል እኮ።

አንድ ሰው ይንገረው። ማን? ግርማ በሽተኛ ስለሆነ "የሽሮው ማስረጃ አንተው ነህ፤ አንተ ንገረው" አልነው። እሺ አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

"ነገርከው?"

"ጀምሬ ነበር።"

"እና?"

"ሽንኩርት የማቀርብለት እኔ እንድሆን ተስማማን። በርካሽ።"

ራህመት መቀሷን ልትወረውርበት ነበር። "ተወው! እኔ እሄዳለሁ። እኔ ይሉኝታ የለኝም፣ ወላሂ የለኝም። ቁርጥ አድርጌ ነው የምነግረው።"

እሑድ፣ ኅዳር 8

ራህመት ሄዳ ተመለሰች። አንገቷን ደፍታ።

"የምግብ ቤቱን መስኮት መጋረጃ ለክቼለት መጣሁ" አለች። "ሰማያዊ ይሻላል ተባባልን።"

ቀረሁ እኔ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ዛሬ አልነገርኩትም። ፋርማሲ ሥራ በዛ።

አልበዛም። ፈርቼ ነው።

ነገሩ ምንድነው? ለበሽተኛ "መድኃኒቱ ይመራል" ለማለት አልፈራም። ለጓደኛዬ "ወጥህ ይመራል" ለማለት ግን... ለምን?

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ነገርኩት።

ሊከራየው ያሰበውን ቤት ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ባዶ ክፍል፣ አቧራ፣ የተሰነጠቀ መስኮት። እሱ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየው። "እዚህ ገንዳ ለእጅ መታጠቢያ። እዚያ ለሹፌሮች ረጅም ጠረጴዛ፤ እነሱ ሰብሰብ ብለው መጫወት ይወዳሉ። ይቺ ጥግ ደግሞ የናንተ ናት። ረቡዕና ዓርብ ለማንም አትሰጥም።" ከዚያ፣ "ሰኞ መልቀቂያ አስገባለሁ።"

ሰኞ!

"ኤርሚ... ምግብህ አይጣፍጥም።"

እንዲህ ነው ያልኩት። ለስለስ ያለ ቃል ስፈልግ ነው የሰነበትኩት፤ በሰዓቱ አንዱም አልመጣም። ሳቀ። ቀልድ መሰለው። ፊቴን ሲያይ ተወው።

"የቱ?"

"ሁሉም።"

"ፓስታውም?"

"በተለይ ፓስታው።"

"እጅህ ይባረክ ብላችሁኝ የለ እንዴ!"

"ብለናል።"

"ግርማ ሁለተኛ ጨመረ እኮ!"

"በሽሮውም ጨምሯል። በማግስቱ እኔ ጋ መጥቶ የሆድ መድኃኒት ወሰደ።"

መስኮቱ ላይ ተደገፈ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ሥራዬን ልለቅ ነበር እኮ ዓይናለም። እናንተን አምኜ። ስትስቁብኝ ነበር?"

"አልሳቅንብህም። ልንነግርህ ፈርተን ነው።"

"ምን ፈርታችሁ? እኔ እበላችኋለሁ?"

መልሴን አልጠበቀም። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

"እውነት ከሆነማ እውነት ይሁን። ያንቺን ማሾ ምን ብለን እንደምንጠራው ታውቂያለሽ?"

"ምን?"

"ሲሚንቶ።"

ጥሎኝ ሄደ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

በጠዋት ራህመት ሱቅ። "እውነት ነው? ማሾዬን ሲሚንቶ ትሉታላችሁ?"

ስፌቷን አቆመች። ዓይኗን ወደ ጣሪያው።

"ወላሂ ሲሚንቶ ያልኩት እኔ አይደለሁም።"

"እሺ፣ ማን ነው?"

"ግርማ ነው። እኔ ጭቃ ነው ያልኩት።"

ተቆጣሁ። ከሱቋ ወጥቼ ለግርማ ደወልኩለት። "ዓይናለም፣ እኔ እኮ በጥሩ መንፈስ ነው ያልኩት" ይላል። "ጠንካራ ነው ለማለት!" ዘጋሁበት።

እናቴ እውነቷን ነበር ማለት ነው?

እኔ ኤርሚያስን ላድነው ነበር የሄድኩት። ራሴስ በምን እሻላለሁ... የኔንም በልተው "እጅሽ ይባረክ" ብለውኛል። ያን ምሽት እንዴት ደስ ብሎኝ እንደተኛሁ! አሁን እሱ የተሰማው ይገባኛል። በደንብ ይገባኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 15

የነቢያት ጾም ገባ። እስከ ገና በየቀኑ ጾም ነው። ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቀው ይህን ነበር። በየቀኑ አብረን መብላት እንችላለን! አምና ራህመት "ሠርግ ገባ" እያለች ስታጨበጭብ ነበር።

አንድም ሰው አልደወለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ዳቦ በሻይ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ዳቦ በሻይ። ኤርሚያስን መንገድ ላይ አየሁት። አስፋልቱን ተሻግሮ አለፈ። መልቀቂያውን አስገብቶ ይሆን? ማንን እጠይቃለሁ?

እሑድ፣ ኅዳር 22

ማሾውን እንደገና ሞከርኩት። ብቻዬን። ማንም "ይጣፍጣል" የሚለኝ በሌለበት አንድ ጉርሻ ወሰድኩ።

ሲሚንቶ ነው።

ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ። የጎረቤት ዶሮዎች እንኳ ጫር ጫር አድርገው ተዉት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25

ግርማ ደወለ። "እሑድ ደብረ ብርሃን ሄደን እትዬ ከበቡሽን እንጠይቅ። ራህመትም አለች።"

"ኤርሚያስስ?"

"አይመጣም። ፈተና ያርማል።"

እሺ አልኩ። አሳፋሪ ነው፤ እስካሁን አልጠየቅናቸውም።

እሑድ፣ ኅዳር 29

ግርማ ውሸታም ነው! ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ኤርሚያስ ተቀምጧል። ለሱ ደግሞ "ዓይናለም አትመጣም" ብሎታል። የቀረው ክፍት ወንበር አጠገቡ ነው። ግርማና ራህመት ከኋላ ተቀምጠው መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ምንም እንደማያውቁ።

ሙሉ ዳገቱን ዝም። ደብረ ሲናን አለፍን፣ ዝም። ጣርማ በር ላይ ሹፌሩ ጎማ ሊያይ አቆመ። ወረድን። ያ ብርድ! ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሳ መንገዱ የሚያልፍበትን ዋሻ ሸፍኖታል። ኤርሚያስ አጭር እጅጌ ሸሚዝ ነው የለበሰው። የሮቢት ሰው ብርድ መኖሩን ይረሳል። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ዝም ልለው ነበር... አልቻልኩም። ነጠላዬን ከፈትኩና ግማሹን ትከሻው ላይ ጣልኩ።

ቆሎ ከምትሸጥ ሴትዮ ገዛ። በመዳፌ አፈሰሰልኝ።

"መልቀቂያውን አላስገባሁም" አለ።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ቢሮው በር ድረስ ሄጄ ነበር። እልህ ይዞኝ። ከዚያ ቤት ተመልሼ ፓስታውን ሠራሁት። ብቻዬን ቀመስኩት።"

"እና?"

"ፓፓያው ነው አይደል?"

"ፓፓያው ነው።"

"ቀረፋውስ?"

"ቀረፋውም።"

ትንሽ ቆሎ አኘከ። "ምስሩም ይሆን?"

"ኤርሚ፣ ምስሩማ ምን አድርጎህ ነው እዚያ የከተትከው?"

በዚህ ጊዜ ሳቁ አመለጠው። እኔም። ቆሎው አፌ ውስጥ ነበር፤ ልታነቅ! ራህመት ሮጣ መጥታ ጀርባዬን ስትደበድብ ግርማ ከሚኒባሱ በር ላይ፣ "ታረቃችሁ? ልውረድ?" ይላል።

እትዬ ከበቡሽን ልጃቸው ፌቨን ቤት ሁለት ጋቢ ደርበው ከሰል አጠገብ ነው ያገኘናቸው። ሲያዩን እንባቸው መጣ። ጉልበታቸው ተሽሏል፤ ግን ሐኪም ቆመው እንዳይውሉ አዟል። ፌቨን ምሳ ልታቀርብ ጓዳ ስትገባ ወደኛ ጠጋ አሉና፣

"ልጄ ናት፤ ደግ ናት። ግን ወጥ አታውቅም። እንዳትነግሯት። እኔ በየቀኑ ይጣፍጣል እላታለሁ።"

አራታችን ተያየን።

ምሳው መጣ። አተር ክክ። ፌቨን ቆማ ታየናለች። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ... ኤርሚያስም ያውቀዋል። እጁን አቆላልፎ የጠበቀበት ዓይን ነው። ራህመት "እጅሽ..." ብላ ጀመረች። ኤርሚያስ ቀደማት።

"ፌቨን፣ አትቀየሚኝ። ክኩ አልበሰለም። ጨውም የለውም። ግን በፍቅር እንዳቀረብሽው ያስታውቃል።"

እትዬ ከበቡሽ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። ግርማ ዓይኑን ጨፈነ። ፌቨን አንድ ጊዜ ጎረሰች። አኘከች። ብዙ አኘከች።

"እማዬ! ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዲህ እያበላሁሽ ነው?"

"ልጄ፣ ሞቼ አላየሽኝም" አሉ ከጋቢው ውስጥ።

ፌቨን መሬት ላይ ተቀምጣ ነው የሳቀችው። ከዚያ ድስቱ ወደ ምድጃው ተመለሰ። ራህመት ቁሌቱን እንደገና አቁላላች። እትዬ ከበቡሽ ከወንበራቸው ሆነው ያዛሉ። ኤርሚያስን ግን ምድጃው አጠገብ አላስደረሱትም። እሱ ውሃ አቀረበ፣ እጅ አስታጠበ፣ ሊጠይቁ የገቡትን ጎረቤቶች ሁሉ ስማቸውን እየጠራ ወንበር ሰጠ። የደረሰው ገና ዛሬ ነው እኮ!

እትዬ ከበቡሽ ሲያዩት ቆዩና፣ "ስማ አንተ ልጅ። አንተ ሰው ማስተናገድ ትችላለህ፣ ማብሰል አትችልም። እኔ ማብሰል እችላለሁ፣ መመላለስ አልችልም። ሁለት ግማሽ ሰው ነን። ለምን አንድ ሙሉ አንሆንም?"

ኤርሚያስ የእጅ መታጠቢያውን ጣሳ እንደያዘ ቀረ። ጣሳው እጁ ላይ ይፈሳል። እግሬን አራሰው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

የእትዬ ከበቡሽ ምግብ ቤት ዛሬ እንደገና ተከፈተ። ወንበር ምድጃው ፊት ተደርጎላቸው፣ ተቀምጠው ያማስላሉ፤ አንዲት ሴት ታቀብላቸዋለች። ኤርሚያስ ጠዋት ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ እዚህ ነው። ሰማያዊ መጋረጃ! ራህመት ቃሏን ጠበቀች። ሽንኩርቱን ግርማ ነው ያመጣው፤ "በርካሽ" ያለውን ግን እትዬ ከበቡሽ ይበልጥ አረከሱበት፤ እየተነጫነጨ ነው የሄደው።

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ገባ። ኤርሚያስ "ልጆች እንዴት ናቸው?" አለው። ሰውዬው ቦርሳውን ከፍቶ የልጆቹን ፎቶ አወጣ። ምግብ ሳያዝ ያን ሁሉ ጊዜ!

ከጓዳ እትዬ ከበቡሽ፣ "አንተ ልጅ፣ አስበላው እንጂ!"

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

እትዬ ከበቡሽ ዓርብ ከሰዓት ጉልበታቸውን ያሳርፋሉ። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ቤት ለቤት ቀጥለናል። ዛሬ የኔ ተራ ነበር። አንድ ሕግ አለን አሁን፦ ምስጋና ክልክል ነው፣ ካልሆነ በቀር። ካልሆነ በቀር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ የኤርሚያስ አነጋገር ነው።

ሕጉ ጣጣ አለው። ራህመት ከምግብ አልፋ አዲሱን ቀሚሴን "መጋረጃ ይመስላል" ብላኛለች። ራሷ ሰፍታው! ግርማ ለኤርሚያስ "ብዙ ታወራለህ" አለው። ኤርሚያስ "እናንተ ዝም ስትሉ ነው" ብሎ ለረጅም ጊዜ አወራ።

ድንች ወጥ ነው የሠራሁት። ቀጭን አድርጌ ነው፤ ወፍራም ነገር ፈርቻለሁ። አቀረብኩና ቆምኩ። ቆሜ ላለማየት ዕቃ ያጠብኩ መሰልኩ።

ኤርሚያስ ቀመሰ። "ቁሌቱ ትንሽ ይቀረዋል።"

ግርማ፣ "ሽንኩርቱ ግን ጥሩ ነው።" የራሱ ሽንኩርት ነዋ።

ራህመት ቆየች። እንደገና ጎረሰች። ልቤ እንዴት እንደሚመታ! ለድንች!

"ደህና ነው" አለች።

"ደህና ብቻ?"

"ደህና ነው አልኩሽ። ወላሂ ደህና ነው።"

ከማሾው ቀን ምስጋና ሁሉ ይቺ በለጠችብኝ። እነሱ ፊት ግን አልሳቅኩም፣ ኮራ ብዬ ውሃ ቀዳሁ። ሲሄዱ በር ድረስ ሸኘኋቸው፤ ኤርሚያስ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ሲሳለም ድምፁ እስኪርቅ ቆሜ ሰማሁ።

አሁን ድስቱን ከፈትኩት። ለነገ ምሳዬ ብዬ አስቀርቼ ነበር። ግርማ ጓዳ መቼ እንደገባ አላየሁም፤ ጠርጎታል። በእንጀራ ሳይቀር ተወልውሏል።

ነገ ምን ልበላ ነው?